አሻንጉሊቷ ከቢፌው ላይ ትውረድ
በጠባብ ቤት ውስጥ የልጆችን መጫወቻ እንዴትና የት እናስቀምጥ?

በብዙዎቻችን ቤት ከቢፌው ወይም ከቁምሳጥኑ አናት ላይ አንዲት አሻንጉሊት ተቀምጣ ትታያለች። ከላስቲኳ አልወጣችም። አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ያለች አክስት የላከቻት ናት። እንግዳ ሲመጣ ያያታል፣ ያደንቃታል። የተላከችላት ልጅ ግን ከታች ሆና ቀና እያለች ታያታለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ አቅፋት አታውቅም።

እናትና አባትን ለምን ብለን ብንጠይቅ መልሳቸው የታወቀ ነው፦ «ብትወርድ ትሰበራለች፣ ትቆሽሻለች። ደግሞስ በዚህች ጠባብ ቤት የት ትቀመጣለች?» የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምክንያቶች ቀላል ናቸው። የተሰበረ ይጠገናል፣ የቆሸሸ ይታጠባል። ብዙ ወላጆችን የሚያስጨንቀው ሦስተኛው፣ የቦታ ጉዳይ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም። አባት ከሥራ ደክሞ ሲገባ በጨለማ የሚረግጣት የፕላስቲክ መኪና፣ እናት ቀኑን ሙሉ ስትለቅም የዋለችው ቆርኪና ጠጠር፣ በዚህ ምክንያት በልጁ ላይ የሚወርደው ቁጣና በባልና ሚስት መካከል የሚነሳው ንትርክ የየዕለት ኑሯችን ክፍል ነው። አንዳንዱ ወላጅ ሲሰለቸው መጫወቻውን ሁሉ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከቆጥ ላይ ይወረውረዋል። ያን ዕለት ቤቱ ይጸዳል፤ ልጁ ግን መጫወቻ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ መጫወቻ የሚቀመጠው ልጁ እንዳይነካው ሳይሆን ራሱ አውጥቶ ራሱ እንዲመልሰው ነው። ለመጫወቻው ቦታ ስንሰጥ ለልጁ በቤታችን ውስጥ ቦታ እየሰጠነው ነው።

ወለሉ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ግን ሰፊ ነው

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የዘነበወርቅ ሰፈርን ለምሳሌ እንውሰድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከጣልያን ወረራ በፊት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ከተከፈተውና በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው ሆስፒታል ነው። በ1958 ዓ.ም በዚያው ስፍራ አለርት ተቋቋመ። ለሕክምና ከየአገሩ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ወደ ትውልድ ቀያቸው ሳይመለሱ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ቀሩ። ልጅ ወለዱ፣ የልጅ ልጅም አዩ። ሌላው የከተማ ነዋሪም እየተከራየ፣ እየገዛ ተቀላቀላቸው። በዚህ መልክ ባደገ ሰፈር ውስጥ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ፣ አንድ ቤተሰብ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል መኖሩ የተለመደ ነው።

እስቲ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል እናስብ። ወለሏ 16 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ አልጋ፣ ሁለት ሶፋ፣ ቢፌ፣ ቁምሳጥንና አንድ ጠረጴዛ ስናስገባ ከ7 ካሬ ሜትር በላይ ይያዛል። ለምድጃውና ለበሩ መክፈቻ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ስንተው የቀረው 7 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ላይ ነው እንግዳ የሚያልፈው፣ ቡና የሚፈላው፣ ትልቁ ልጅ የሚያጠናው፣ ትንሹም የሚጫወተው።

ታዲያ አንድ የምንረሳው ነገር አለ። የዚያችው ክፍል ግድግዳ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን አራቱም ጎን ተደምሮ፣ በርና መስኮቱ ተቀንሶለት 37 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ቢፌውና ቁምሳጥኑ የሚሸፍኑትን ብናወጣ እንኳ ከወለሉ እጅግ ይበልጣል። ከአልጋው ሥር ደግሞ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ከግማሽ ሜትር ኩብ የሚበልጥ ባዶ ቦታ አለ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሚገኘው ያረጀ ጫማ፣ የማይሠራ ሬዲዮና «ለአንድ ቀን ይሆናል» የተባለ ጀሪካን ነው። ቆራሌው ሲያልፍ ጠርቶ እነዚህን ማስወጣት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ የደረሳቸው ቤተሰቦችም ችግሩን ተሸክመውት ሄደዋል። እንዲያውም አንድ ነገር አጥተዋል። በግቢ ቤት ሳለ ልጁ ደጅ ወጥቶ ይጫወት ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ጨዋታው ሁሉ ወደ ሳሎኑ ገብቷል።

የሮም ልጆችና የተከፈተው ቁምሳጥን

ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ከተማ፣ ሳን ሎሬንዞ በተባለ የድሃ ሠራተኞች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፈቱ። ወላጆች ለሥራ ሲወጡ ልጆቻቸው የሚውሉበት፣ ብዙ ቤተሰብ ታጭቆ በሚኖርበት ሕንፃ ውስጥ ያለ ቤት ነበር። መጫወቻውና መማሪያው ዕቃ በቁምሳጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። የምታድለውና መልሳ የምትሰበስበው መምህርቷ ነበረች።

አንድ ቀን መምህርቷ ቁምሳጥኑን ሳትቆልፍ ቀርታ ኖሮ፣ በማግስቱም አርፍዳ ስትመጣ ልጆቹ ከፍተውት አገኘቻቸው። አንዳንዱ ቆሞ ይመርጣል፣ ሌላው የመረጠውን ይዞ ሥራ ጀምሯል። መምህርቷ ነገሩን እንደ ስርቆት ቆጠረችው። ሞንቴሶሪ ግን ሌላ ነገር አዩ። ልጆቹ ዕቃውን ስለሚያውቁት የሚፈልጉትን መምረጥ ይችላሉ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የተቆለፈው ቁምሳጥን ቀርቶ በልጆቹ ቁመት ልክ የተሠራ ዝቅተኛ መደርደሪያ ተተካ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚገኙ መዋዕለ ሕፃናት የምናየው አጭር መደርደሪያ ከዚህ ልምድ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ የመጫወቻው ቦታ ዝቅ ያለ ይሁን። ሁለተኛ፣ ልጁ ያለውን በዓይኑ እንዲያይ ክፍት ይሁን። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የታወቀ ቦታ ይኑረው። ሁሉም ነገር ተቀላቅሎ የሚጣልበት ትልቅ ሣጥን ለወላጅ ይመቻል፤ ልጁ ግን ከሥር ያለችውን አንዲት መኪና ለማግኘት ሁሉንም መዘርገፍ ይኖርበታል።

ከብዛት ጥቂት ይሻላል

«ለልጄ መጫወቻ መግዛት አልቻልኩም» እያሉ የሚያዝኑ ወላጆች አሉ። ይህን ቢያውቁ ይጽናናሉ። በአሜሪካ፣ ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናቸውን 36 ሕፃናት ተመልክተዋል። እያንዳንዱ ሕፃን አንድ ጊዜ 4 መጫወቻ፣ ሌላ ጊዜ 16 መጫወቻ ቀረበለት። በአራቱ ሲጫወቱ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ቆዩ፤ በልዩ ልዩ መንገድም ተጫወቱበት። 16 ሲሆን ግን አንዱን አንስተው ሳይጨርሱ ወደ ሌላው ይሄዱ ነበር።

በሎስ አንጀለስ 32 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ያጠኑ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት መጽሐፍ እንደገለጹት፣ በአሜሪካ የሚኖሩት ከዓለም ሕፃናት 3 በመቶ ያህሉ ሲሆኑ በዓለም ከሚሸጠው መጫወቻ 40 በመቶ የሚሆነውን የሚገዙት ግን የእነርሱ ቤተሰቦች ናቸው። ሰፊ ቤት እያላቸው የመኪና ማቆሚያቸው ሳይቀር በዕቃ ተሞልቶ መኪናው ደጅ ያድራል። ቤት መስፋቱ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የእኛ የአገራችን ጨዋታዎችም ይህንኑ ያስተምሩናል። ለቀለልቦሽ ጥቂት ጠጠር ይበቃል። ለሰኞ ማክሰኞ መሬት ላይ የሚሰመር መስመርና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ለሱዚ አንድ ላስቲክ፣ ለኳስ የተቀዳደደ ካልሲና ጨርቅ ይበቃል። ዕቃቃ ለመጫወት ደግሞ ቆርኪው ድስት፣ ቅጠሉ ወጥ፣ አፈሩ ዱቄት ይሆናል። በ1990ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የልጆች ፕሮግራም ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችው ቀጭኔ በመጀመሪያ የተሠራችው ከካልሲ ነበር። ልጆቻችን ግን ወደዷት።

ስለዚህ ያለውን መጫወቻ በሦስት ክፈሉት። አንዱ እጅ ልጁ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ሁለቱን እጅ በሁለት ካርቶን አድርጋችሁ ቆጥ ላይ ወይም ከአልጋ ሥር በስተግድግዳ በኩል አስቀምጡ። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ቀያይሩ። ልጁ የረሳውን መጫወቻ ሲያገኝ እንደ አዲስ ይደሰትበታል። አብሯት የሚተኛትን አንዲት አሻንጉሊት ወይም ሁልጊዜ የሚይዘውን መኪና ግን በዙሩ ውስጥ አታስገቡ። እርሷ ሁልጊዜ ትቆይ።

በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ ማስቀመጫዎች

ከአልጋ ሥር፦ ዝቅ ያለ የሙዝ ወይም የብስኩት ካርቶን ፊት ለፊቱን በስታችሁ ገመድ አስገቡበትና ልጁ ራሱ እየጎተተ የሚያወጣው መሳቢያ ይሆናል። አልጋው ዝቅ ያለ ከሆነ አራቱን እግር በእኩል መጠን ከፍ የሚያደርግ ጠንካራ እንጨት አናጢ ቢሠራበት ቦታው ይጨምራል። ተደራርቦ በቆመ ጡብ ላይ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው።

የግድግዳ ኪስ፦ ዘነበወርቅ አካባቢ በአለርት የታከሙ ወገኖቻችን ለብዙ ዓመታት ሲሠሩት በኖሩት የጥልፍ ሥራ የታወቀ ነው። ለዚህኛው ማስቀመጫ ግን የጥልፍ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሜትር ያህል አቡጀዲ ወይም ያረጀ አንሶላ ላይ በሦስት ረድፍ አራት አራት ኪስ ቢሰፋበት አሥራ ሁለት ቦታ ይገኛል። ልብስ ሰፊ ሠፈር ውስጥ አይጠፋም። የላይኛውን ጠርዝ በቀጭን እንጨት አጠንክሩትና በምስማር ስቀሉት። የአራት ዓመት ልጅ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ የላይኛው ኪስ ከዚያ በላይ ባይሆን ይመረጣል። ቀለም፣ እርሳስ፣ ትንንሽ መኪናና የጨርቅ አሻንጉሊት እዚህ ይገባሉ። የበሩ ጀርባም ለዚህ ይሆናል።

የቢፌው ታችኛ ክፍል፦ በብዙ ቤት የቢፌው ታችኛ መዝጊያ ውስጥ ለትልቅ በዓል ብቻ የሚወጣ ሰሐንና ብርጭቆ አለ። ብርጭቆው ወደ ላይ ቢወጣ ለልጁም ለብርጭቆውም ይበጃል። አንዱን የታች መዝጊያ «ይህ የአንተ ነው» ብላችሁ ለልጁ ስጡት።

ቆርቆሮና ባልዲ፦ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ የጫማ ካርቶን፣ ከአንገቱ ተቆርጦ ጠርዙ በፕላስተር የተሸፈነ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ ሁሉም ይጠቅማሉ። የሌላችሁን መርካቶ ምናለሽ ተራ በርካሽ ታገኛላችሁ። የቀለም ወይም የኬሚካል ባልዲ ግን ታጥቦም ቢሆን ለሕፃን መጫወቻ አይሁን።

ማንበብ ለማይችል ልጅ በእያንዳንዱ ዕቃ ማስቀመጫ ላይ የሚገባውን ነገር ሥዕል ሣሉለት። መኪና በተሣለበት መኪና፣ ኳስ በተሣለበት ኳስ ይገባል። ሥዕሉን ራሱ ልጁ ቢሥለው የበለጠ ያስታውሰዋል።

ክረምት ሲገባ መሬት ላይ የተቀመጠ ካርቶን እርጥበት ይስባል፣ ጨርቁም ይሻግታል። ከሥሩ ጣውላ ወይም ፕላስቲክ አድርጉ። ፀሐይ በወጣ ቁጥር የጨርቅ አሻንጉሊቶችን አጥባችሁ አስጡ። የፕላስቲኩን በሳሙናና በውኃ ማጠብ ይበቃል። ይህን ሥራ ልጁ በሳፋ ውስጥ ቢያደርገው ራሱ ጨዋታ ይሆንለታል።

ጥንቃቄ የሚያሻቸው ነገሮች

በአንድ ክፍል ቤት ምድጃው ከመጫወቻው ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የመጫወቻው ጥግ ከከሰል ምድጃውና ከቡታጋዙ በተቃራኒ በኩል ይሁን። ልጅ የሚመኘውን ነገር ከቁምሳጥን አናት ወይም ከቴሌቪዥን ኋላ አታስቀምጡ። ሊያወርደው ሲንጠላጠል ቁምሳጥኑ በላዩ ሊወድቅ ይችላል። ቁምሳጥኑንም ከግድግዳው ጋር በብረት ማሰር መልካም ነው።

ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ የምታልፍ ማንኛዋም ዕቃ ልታንቀው ትችላለች። ትልቁ ልጅ የሚጫወትባቸው ብይና ቆርኪ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ትንሹ በማይደርስበት ኪስ ይቀመጡ። የሚዘፍኑና የሚያበሩ መጫወቻዎች ውስጥ ያለችው ክብ ትንሽ ባትሪ ከሁሉ የከፋች ናት። ብትዋጥ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ስለምትችል ልጁን ወዲያው ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። የባትሪው መክደኛ በብሎን ያልታሰረ መጫወቻ ለሕፃን አይሰጥ። ከባድ ክዳን ያለው የእንጨት ሣጥንም ጣትና ራስ ላይ ስለሚወድቅ ክዳኑን ነቅሎ መጠቀም ይሻላል።

ባልና ሚስት ሲስማሙ

ከላይ የተባለው ሁሉ የሚጸናው ባልና ሚስት ሲስማሙበት ነው። አንድ ቤት ውስጥ አባት «ቤቱ የልጅ መጫወቻ ሆነ» እያለ ሲቆጣ፣ እናት ደግሞ ለማስደሰት ብላ ሲመጣ ብቻ የምትሰበስብ ከሆነ ልጁ የሚማረው ሥርዓትን ሳይሆን የአባቱን ኮቴ መፍራት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ባልም ሚስትም ሥራ የሚሠሩ 60 ባለትዳሮችን ተመልክቶ ነበር። ስለ ቤታቸው ሲናገሩ «ዝብርቅርቅ ያለ፣ ያላለቀ ሥራ የበዛበት» ብለው የገለጹ ሚስቶች በሰውነታቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን በቀኑ ውስጥ እንደሚገባው ሲቀንስ አልታየም። ይህ ለባሎች የሚናገረው ነገር አለ። ባል በዓይኑ አይቶ የሚያልፈው የተበተነ ዕቃ በሚስቱ ላይ እንደ ሸክም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እንግዲያው መሰብሰቡ የእርሷ ሥራ ብቻ አይሁን።

የተወሰነ ሰዓት ይኑራችሁ። ከእራት በፊት አሥር ደቂቃ ለብዙ ቤት ይስማማል። አባት ከልጁ ጋር ተንበርክኮ ቢሰበስብ፣ «ሰብስብ!» ብሎ ከሶፋ ላይ ከመጮህ ይልቅ በአንድ ሳምንት ለውጡን ያየዋል። ትእዛዙም ግልጽ ይሁን። «ቤቱን አስተካክል» ለሕፃን ትርጉም የለውም፤ «መኪኖቹን ወደ ቤታቸው አስገባ» ግን ይገባዋል። የሁለት ዓመት ልጅ አንድ ዕቃ በአንድ ጊዜ መመለስ ይችላል። የአራት ዓመት ልጅ በዓይነት በዓይነት ይለያል። ሰባት ዓመት ሲሞላው ሥራው የራሱ ይሆናል።

በሳምንት አንድ ቀን የቤት ለቤት ኅብረት የሚደረግባቸው ቤተሰቦች ሌላ ጭንቀት አለባቸው። አሥርና አሥራ አምስት ሰው በዚያችው ክፍል ይቀመጣል። በዚያን ቀን መጫወቻውን ሁሉ ከመደበቅ ይልቅ አንዱን ካርቶን ለሚመጡት ልጆች አዘጋጁ። እንደ ጨርቅ አሻንጉሊት፣ ሥዕልና ቀለም ያሉ ድምፅ የማያሰሙ ነገሮች ይሁኑ። ልጆቹ አንድ ጥግ ካላቸው ወላጆቻቸው ተረጋግተው ይጸልያሉ።

ልጁ ሳያውቅ መጫወቻውን አትጣሉበት። ለእኛ የተሰበረ ቆርቆሮ የሆነው ነገር ለእርሱ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል። «የትኞቹን እናቆይ? የትኞቹን ለሌላ ልጅ እንስጥ?» ብላችሁ ጠይቁት። ያደገበትን መጫወቻ አጥቦ፣ ጠግኖ ለጎረቤት ልጅ ወይም ለአጥቢያው የሕፃናት ክፍል ይዞ የሚሄድ ልጅ ቦታም ያስለቅቃል፣ መስጠትንም ይለምዳል። ስጦታው ግን የተሰበረና የተጣለ ሳይሆን እርሱም ቢያገኘው የሚደሰትበት ይሁን።

ነቢዩ ዘካርያስ በምዕራፍ 8 ቁጥር 5 እግዚአብሔር የሚያድሳትን ከተማ ሲያሳየን ከምልክቶቿ አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው በአደባባይዋ የሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆችን ነው። የልጆች ጨዋታ የበረከት ምልክት ከሆነ በአሥራ ስድስት ካሬ ሜትር ቤት ውስጥም ስፍራ ይገባዋል። ዛሬ ማታ በአንድ ካርቶንና በአንድ ገመድ መጀመር ይቻላል። አሻንጉሊቷንም ከላስቲኳ አውጥታችሁ ለባለቤቷ ስጧት።

ባልና ሚስት አብረው የሚወያዩባቸው ጥያቄዎች

1. በቤታችን ልጃችን «ይህ የእኔ ቦታ ነው» ሊለው የሚችል ስፍራ አለ? የትኛው ነው?

2. ከአልጋችን ሥርና ከቢፌያችን ውስጥ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠቀምንበት ዕቃ ምን አለ?

3. የተበተነ መጫወቻ ከሁለታችን ማንን ይበልጥ ያስጨንቃል? ሌላችን ይህን እናውቃለን?

4. ማታ ማታ ከልጃችን ጋር የሚሰበስበው ማን ነው? በሳምንት ስንት ቀን እንከፋፈለው?

5. ልጃችን ያደገበትን መጫወቻ ለማን ቢሰጥ ደስ ይለዋል? እርሱንስ ጠይቀነዋል?